ቪዲዮአችሁ በደካማ ኔትወርክም ሳይቆም እንዲታይ፦ የቢትሬት መሰላል አሠራር

በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ የምታስቀምጡ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን፣ የሥልጠና ማዕከላት፣ የስብሰባ ቅጂ የሚያኖሩ ማኅበራት ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ኤምፒ4 ፋይል ጭነው ይተዉታል። ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ሲሞክሩት ያለ ችግር ይሠራል። ተማሪው ደሴ ወይም ጂማ ሆኖ በሞባይል ዳታ ሲከፍተው ግን ክቧ ትሽከረከራለች። ትንሽ ይታያል፣ ይቆማል፣ በመጨረሻም ልጁ ሰልችቶት ይዘጋዋል።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ፋይሉ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈልግ ይሁን፤ ቢትሬት የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። የተማሪው መስመር ደግሞ 1 ሜጋቢት ተኩል ብቻ ይስጥ። የ1 ሰከንድ ቪዲዮ ለማውረድ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። የፈለገውን ያህል ጥሩ ማጫወቻ ብትጠቀሙ ይህን ጉድለት አይሞላውም። በዚያ ላይ የ1 ሰዓት ትምህርት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚገዛ ሰው ይህ ትምህርቱን መከልከል ነው።

መፍትሔው አንዱን ቪዲዮ በተለያየ ጥራት ደጋግሞ ማዘጋጀት ነው። ጥራቶቹ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ሲደረደሩ የቢትሬት መሰላል ይባላሉ፣ እያንዳንዱም አንድ እርከን ነው። እያንዳንዱ ጥራት በጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ ይከፈላል። ፕሌይሊስት የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ደግሞ የቱ ቁራጭ የት እንዳለ ይናገራል። ማጫወቻው እያንዳንዱ ቁራጭ በስንት ጊዜ እንደወረደ እየለካ የሚቀጥለውን ከየትኛው ጥራት እንደሚወስድ ይመርጣል። ዩቲዩብ ይህን ራሱ ይሠራላችኋል። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ግን ሥራው የእናንተ ነው። ውሳኔው የማጫወቻው ነው፤ የእናንተ ድርሻ ደህና ምርጫ ማቅረብ ነው። ከታች የምትዘረዝሩት ምርጫ ከሌለ ማጫወቻው የሚወርድበት ቦታ የለውም።

ለዚህ አሠራር የምጠቀመው ኤችኤልኤስ የሚባለውን ስታንዳርድ ነው። አፕል በ2009 ያወጣው ነው፤ በ2017 አርኤፍሲ 8216 ተብሎ በሰነድ ታትሟል። በ2012 የወጣው ዳሽ የሚባል ሌላ ስታንዳርድም አለ፣ አሳቡ ያው ነው። ኤችኤልኤስን የመረጥኩት አይፎን ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ስለሚያጫውተው ነው። ለአንድሮይድና ለኮምፒውተር ኤችኤልኤስ ጄኤስ የሚባል ነፃ ማጫወቻ ገጹ ላይ ይገባል።

1. መጀመሪያ መስመሩን ለኩ

የፍጥነት መለኪያ አፕ የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑት። አፑ ቅርብ ካለ ሰርቨር፣ ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ከፍቶ ነው የሚለካው። የእናንተ ቪዲዮ ደግሞ ከእናንተ ሰርቨር ነው የሚመጣው፣ ምናልባትም ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ።

የተሻለው ዘዴ ይኸውላችሁ። ልክ 10 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ሰርቨራችሁ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ የተለያየ ቦታ ያሉ ተመልካቾቻችሁን እንዲያወርዱትና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። 10 ሜጋባይት 80 ሜጋቢት ነው። 80 ሰከንድ ከፈጀ መስመሩ 1 ሜጋቢት ነው፤ 160 ከፈጀ ግማሽ ሜጋቢት ነው። ልኬቱ ሰው በብዛት ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት፣ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ጠዋት የተለካ ቁጥር ያታልላል።

በአማርኛ የሚሠራ ቪዲዮ ተመልካቹ የተበተነ ነው። አንዱ ቨርጂኒያ ቤቱ ውስጥ በፈጣን ኢንተርኔት ያያል። አንዷ ሪያድ ውስጥ ከሥራ ስትወጣ በስልኳ፣ በቅድሚያ በተከፈለ ዳታ ታያለች። አንዱ ጎንደር ሆኖ ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ እየጠበቀ ያያል። የሦስቱን አማካይ አትውሰዱ። አማካዩ የማንንም መስመር አይወክልም። ዝቅተኛውን ያዙና መሰላሉን ከዚያ ጀምሩ።

2. መሰላሉን ከታች ወደ ላይ ሥሩ

ብዙ ሰው ከ1080ፒ (ቁመቱ 1080 ፒክስል ከሆነው ምስል) ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ ይደክመዋል፤ የታችኛውን እርከን እንደነገሩ ይተወዋል። እኔ በተቃራኒው አድርጉ ነው የምለው። የላይኛው እርከን ላይ ያለ ሰው ምንም ብታደርጉ ያያል። የታችኛው ላይ ያለው ሰው ግን የሚያየው ወይም የማያየው በእናንተ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ሰው ቆሞ ለሚያስተምርበት ወይም ስላይድ ለሚታይበት ቪዲዮ ይህን መሰላል እመክራለሁ። ድምፁ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ መጭመቂያ 64 ኪሎቢት ሞኖ ነው። ድምሩ ላይ ተካቷል።

– ድምፅ ብቻ፦ 64 ኪሎቢት። በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ።
– 240ፒ፦ ምስሉ 100፣ ድምር 164 ኪሎቢት። በሰዓት 74 ሜጋባይት።
– 360ፒ፦ ምስሉ 300፣ ድምር 364 ኪሎቢት። በሰዓት 164 ሜጋባይት።
– 480ፒ፦ ምስሉ 650፣ ድምር 714 ኪሎቢት። በሰዓት 321 ሜጋባይት።
– 720ፒ፦ ምስሉ 1400፣ ድምር 1464 ኪሎቢት። በሰዓት 660 ሜጋባይት ገደማ።
– 1080ፒ፦ ምስሉ 3000፣ ድምር 3064 ኪሎቢት። በሰዓት 1.4 ጊጋባይት ገደማ።

የምስል እርከኖቹ እያንዳንዳቸው ከበታቻቸው እጥፍ ገደማ ናቸው። በጣም ከተቀራረቡ ማጫወቻው በትንሽ በትልቁ ይወጣል ይወርዳል፣ ዓይንም ይረበሻል። በጣም ከተራራቁ ደግሞ 1 ሜጋቢት ያለው ሰው ያለ በቂ ምክንያት እታች ይቀራል።

240ፒው ላይ የፍሬም ቁጥሩን፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩትን ነጠላ ምስሎች ብዛት፣ በግማሽ ቀንሱት። ዋናው በሰከንድ 25 ከሆነ 12 ተኩል ይሁን። የሚናገር ሰው ፊት ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ እያንዳንዱ ፍሬም ግን የተሻለ ይጠራል። ኳስ ወይም ጭፈራ ከሆነ አይሆንም።

ድምፅ ብቻ የሆነውን እርከን አትናቁት። ትምህርት ላይ ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ቢቀጥል ተማሪው ይከታተላል። ድምፁ ሲቆረጥ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። አፕልም ቢሆን አፕ ስቶር ላይ ለሚወጣ አፕ፣ ከ10 ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ በሞባይል ኔትወርክ ሲላክ 192 ኪሎቢት የሆነ መነሻ እርከን እንዲኖረው ግድ ይል ነበር።

ይህ መሰላል ለሁሉም ዓይነት ቪዲዮ አይሠራም። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለፊልሞቹ ሁሉ አንድ መሰላል መጠቀሙን እንደሚተው አስታውቋል። ካርቱን በትንሽ ቢት ይጠራል፣ ግርግር የበዛበት ፊልም ግን ብዙ ይፈልጋል። እናንተም ሁለት መሰላል ይኑራችሁ፤ አንዱ ለንግግር፣ ሌላው እንቅስቃሴ ለበዛበት። ለሁለተኛው የምስሉን ቢትሬት በግማሽ ያህል ጨምሩ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ሌላ ትልቅ ነገር አለ፤ ስክሪን ላይ የሚጻፈው ፊደል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ጭረትና ቀለበት ላይ ነው። 240ፒ ላይ «ቂ» እና «ቄ»፣ «ሉ» እና «ሊ» ይደባለቃሉ። ስለዚህ ስላይዱን ስትሠሩ የአንድ ፊደል ቁመት ከስክሪኑ ቁመት ከ15 አንድ እጅ እንዳያንስ አድርጉ። እንዲህ ከሆነ 240ፒ ላይ 16 ፒክስል ይደርሰዋል፣ ይነበባል። ቀጭን ፎንት አትጠቀሙ። በአንድ ስላይድ አሥራ አምስት መስመር የሚጽፍ መምህር ካላችሁ፣ ኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን ፕሮግራም) ከመነካካታችሁ በፊት ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። ከየትኛውም ቴክኒክ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።

3. ኢንኮድ ማድረግ

ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ሥራውን ሁሉ ይሠራል። ትእዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት ግን እነዚህን ነገሮች ወስኑ።

ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮው የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ፣ ኤች 264 ይሁን። አዳዲሶቹ ኮዴኮች ቢት ይቆጥባሉ፣ እውነት ነው። አሮጌ ስልክ ላይ ግን የሚፈታቸው ቺፕ ስለሌለ ወይ አይጫወቱም፣ ወይ ባትሪ ይጨርሳሉ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አሮጌ ስልክም የያዘ ነው።

የፍሬም ቁጥሩን ቋሚ አድርጉ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የፍሬም ቁጥሩ ይለዋወጣል። አንዴ 30፣ አንዴ 24 ይሆናል። ይህን ሳያስተካክሉ መቁረጥ በኋላ ድምፅና ምስል እንዲለያዩ ያደርጋል። መጀመሪያ ወደ 25 ወይም ወደ 30 ቋሚ ቀይሩት።

ኪፍሬሞቹ በሁሉም እርከን እኩል ሰዓት ላይ ይውደቁ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ኪፍሬም ማለት ከፊቱ ባለ ፍሬም ላይ ሳይደገፍ ሙሉ ሆኖ የሚቆም ምስል ነው። ማጫወቻው ከአንድ እርከን ወደ ሌላው መዝለል የሚችለው ኪፍሬም ላይ ብቻ ነው። በየ2 ሰከንዱ አንድ ይሁን። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ በየ50ው፣ 12 ተኩል ከሆነ በየ25ቱ ማለት ነው። ኢንኮደሩ ትዕይንት ሲቀየር በራሱ ፈቃድ ተጨማሪ ኪፍሬም ያስገባል። ያንን የትዕይንት ለውጥ መፈለጊያ ቅንብር ዜሮ አድርጋችሁ ዝጉት፤ አለዚያ የእርከኖቹ ቁራጮች አይገጣጠሙም።

ጣሪያ አስቀምጡ። የጥራት መለኪያውን፣ ማለትም ሲአርኤፍን፣ 23 አካባቢ አድርጉ። ከፍተኛውን ቢትሬት ደግሞ ከላይ ባለው መሰላል ወስኑ። ባፍሳይዝ የሚባለውን፣ ኢንኮደሩ ጣሪያውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጠብቅ የሚወስነውን ቅንብር፣ ከከፍተኛው ጋር እኩል አድርጉት። ጣሪያ ከሌለ አማካዩ 650 የሆነ እርከን አንዳንድ ቦታ 2000 ሊደርስ ይችላል። ማጫወቻው 650 ብሎ አምኖ ይገባል፣ እዚያ ቦታ ላይ ይቆማል። ሰዉም ኔትወርኩን ይረግማል።

የቁራጩ ርዝመት 6 ሰከንድ ይሁን። አፕልም የሚመክረው ይህንን ነው። ለምን 2 አይሆንም ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጥያቄ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ሲሆን ጥያቄው ሄዶ እስኪመለስ የሚባክነው ጊዜ ይደማመራል። ለምን 15 አይሆንም ካላችሁ ደግሞ ይህን አስቡ። የ720ፒ የ6 ሰከንድ ቁራጭ 1.1 ሜጋባይት ነው። እየወረደ ሳለ መስመሩ ወደ 500 ኪሎቢት ቢወርድ ለመጨረስ 17 ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ባፈሩ ውስጥ (ቀድሞ የወረደው ቪዲዮ በሚጠራቀምበት ቦታ) ያን ያህል ካልተጠራቀመ ቪዲዮው ይቆማል። ቁራጩ ሲረዝም አደጋውም አብሮ ይረዝማል።

ቁራጮቹን ፍራግመንትድ ኤምፒ4 በሚባለው ዓይነት አውጡ። የድሮው ቲኤስ ዓይነት በየፓኬቱ (በየትንሿ የዳታ ጥቅል) የሚጨምረው ትርፍ ጭነት የታችኛው እርከን ላይ በደንብ ይሰማል። ድምፁንም ለብቻው ትራክ አድርጉት፤ ማጫወቻው ምስሉን ሲቀያይር ድምፁ አይነካም።

4. ሰርቨሩ

እዚህ ብዙ ሥራ የለም። ልዩ የስትሪሚንግ ሰርቨር አያስፈልግም፤ ኢንጂን ኤክስ ወይም ማንኛውም ተራ የዌብ ሰርቨር ይበቃል። ቁራጮቹ ተራ ፋይሎች ናቸውና ብራውዘሩም ሲዲኤኑም (ፋይሎችን በተለያየ ቦታ ባሉ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለው አገልግሎት) ለረጅም ጊዜ እንዲያስቀምጣቸው ፍቀዱ። ሲዲኤን ካላችሁ ለተመልካቹ ቅርብ የሆነ ቦታ ያለውን ምረጡ። ቪዲዮው ከገጹ በተለየ ዶሜይን ላይ ከተቀመጠ፣ ከሌላ ዶሜይን ለሚመጣ ጥያቄ ፈቃድ የሚሰጠውን ሄደር (ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የሚልከውን መግለጫ) መጨመር አትርሱ። «አይፎን ላይ ይሠራል፣ አንድሮይድ ላይ ጥቁር ነው» የሚል ቅሬታ ከመጣ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

ሊኑክስ ከሆነ ቢቢአር የሚባለውን የመጨናነቅ መቆጣጠሪያ አብሩ። ጉግል በ2016 ያወጣው ነው፣ ከከርነል 4.9 ጀምሮ አለ። የቆየው ዘዴ ፓኬት በጠፋ ቁጥር መስመሩ የተጨናነቀ መስሎት ፍጥነት ይቀንሳል። ቢቢአር ግን መስመሩ በእርግጥ የሚሸከመውን እየለካ ይልካል። ፓኬት በሚጠፋበት የሞባይል ኔትወርክ ልዩነቱ ይታያል።

5. ማጫወቻውን ማስተካከል

ኤችኤልኤስ ጄኤስ ምንም ሳይለካ መስመሩ 500 ኪሎቢት ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የለካውን ይከተላል። ባለበት እርከን ለመቆየት የለካውን 95 በመቶ ይቆጥራል፣ ከፍ ለማለት ግን 70 በመቶውን ብቻ። ስለዚህ ወደ 720ፒ ለመውጣት መስመሩ 2.1 ሜጋቢት ገደማ መሆን አለበት። ይህን ካወቃችሁ «መስመሬ 1.5 ሜጋ ነው፣ ለምን 720 አይሰጠኝም» ለሚል ሰው መልስ አላችሁ።

ሦስት ነገር ቀይሩ። አንደኛ፣ የጥራት ጣሪያውን ከማጫወቻው ስፋት ጋር አያይዙት። ይህ ቅንብር ሲመጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ካልከፈታችሁት ትንሽ መስኮት ውስጥ የሚያይ ሰው ሳያውቀው የ1080ፒ ዳታ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ እርከኖቹን የሚዘረዝረው ዋናው ፕሌይሊስት ላይ 360ፒውን አስቀድሙ። ፈጥኖ ይጀምራል፣ ካስፈለገ ይወጣል። ሦስተኛ፣ የባፈሩን ዝቅተኛ ልክ ከ30 ወደ 60 ሰከንድ ከፍ አድርጉ፣ ከፍተኛውን ልክም እዚያው 60 ላይ ገድቡት። ሰውየው መሃል ላይ ትቶ ቢወጣ የተጠራቀመው ሁሉ ይባክናል። 720ፒ ላይ 60 ሰከንድ 11 ሜጋባይት ነው። የሚባክነው የእሱ ገንዘብ ነው።

ከዚያ ለተመልካቹ ምርጫ ስጡት። የጥራት ዝርዝሩ ላይ «240ፒ» ብቻ ከመጻፍ «በሰዓት 74 ሜጋ» ብላችሁ ጻፉለት። ሰው የሚገባው የፓኬጁ ቋንቋ ነው። «ድምፅ ብቻ» የሚል ቁልፍም በግልጽ ይታይ።

6. ሳትለቁት በፊት አስቸግሩት

ክሮም ውስጥ የገንቢዎች መሣሪያ አለ፤ የኔትወርክ ገጹ ላይ ፍጥነት መገደብ ይቻላል። የራሳችሁን ልክ ፍጠሩ፦ ማውረጃው 400 ኪሎቢት፣ መዘግየቱ 300 ሚሊሰከንድ። ካሹን (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ቅጂ) ማጥፋት አትርሱ፤ አለዚያ የምታዩት ቀድሞ የወረደውን ነው።

ከዚያ ሦስት ሁኔታ ሞክሩ። ከመነሻው 300 ኪሎቢት ላይ ክፈቱት፤ በስንት ሰከንድ ይጀምራል? ቀጥሎ 2 ሜጋቢት ላይ ጥቂት ደቂቃ ካስኬዳችሁ በኋላ በድንገት ወደ 300 ጣሉት፤ ሳይቆም ይወርዳል? በመጨረሻም ኔትወርኩን ለ20 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ቁረጡና መልሱት። ባፈሩ ከሞላ ተመልካቹ ምንም ማወቅ የለበትም።

ይህ ሙከራ ፓኬት መጥፋትን በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ርካሽ ስልክ፣ እውነተኛ ሲም ካርድ ይዛችሁ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ሄዳችሁ እዩት። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ማየት ጥሩ ፈተና ነው፤ ስልኩ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚሆነውን ታያላችሁ።

ችግር ሲገጥም ምልክቱን ተከተሉ። ቪዲዮው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ አንድ ቁራጭ ሳይጫን ቀርቷል። ጥራት ሲቀየር ምስሉ ዘልሎ ከሄደ ኪፍሬሞቹ አልገጠሙም። መስመሩ ጥሩ ሆኖ ጥራቱ እታች ከቀረ ፕሌይሊስቱ ላይ የተጻፈው ቢትሬት ከእውነተኛው በጣም በዝቶ ሊሆን ይችላል። የቁራጮቹን መጠን ለክታችሁ ትክክለኛውን ጻፉ።

የቀጥታ ሥርጭት ከሆነ

አብዛኛው ነገር ያው ነው። ልዩነቱ የመላኪያ መስመራችሁ ነው። አምስቱንም የምስል እርከን ከአዳራሹ ለመላክ አትሞክሩ። አንድ ጥሩ ምስል ብቻ ኦቢኤስ ከሚባለው የሥርጭት ፕሮግራም ላኩ፣ የኪፍሬም ርቀቱን 2 ሰከንድ አድርጉ፣ መሰላሉን ሰርቨሩ ይሥራ። የምትልኩት ቢትሬት ከለካችሁት የመላኪያ ፍጥነት ከ60 በመቶ አይብለጥ። ፕሌይሊስቱ በየቁራጩ ስለሚታደስ ካሹ የጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን። ማጫወቻው ከመጨረሻው ቢያንስ ሦስት ቁራጭ ወደኋላ ስለሚጀምር ተመልካቹ 18 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይዘገያል። ጥያቄና መልስ ካላችሁ ለአወያዩ ቀድማችሁ ንገሩት።

7. ከለቀቃችሁ በኋላ

እያንዳንዱን እርከን በራሱ ፎልደር አስቀምጡ። እንዲህ ከሆነ የሰርቨሩ ሎግ (የጥያቄዎች መዝገብ) ላይ የትኛው ፎልደር ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ መቁጠር ቀላል ነው። 1080ፒውን የሚነካው ከሌለ አውጡት፣ ዲስክም ይተርፋችኋል። ብዙ ሰው 240ፒ ላይ ተጣብቆ ከቀረ በ164 እና በ364 መካከል አንድ እርከን፣ 250 ገደማ፣ ጨምሩ። በአንድ ቪዲዮ ድምፅ ብቻ የሚያዳምጡት ከበዙ ደግሞ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን በቃልም እንዲያነብ ጠይቁት።

መሰላሉን በየጊዜው ማደስ ስለሚያስፈልግ ኦርጅናሉን ፋይል አታጥፉ። አንዴ ከተጨመቀ ፋይል ላይ እንደገና መጭመቅ ጥራቱን ይበላዋል። ኦርጅናሉ ካለ ግን ኔትወርኩ ሲሻሻል ወይም ስልኮቹ ሲቀየሩ አዲሱን መሰላል በአንድ ሌሊት ታወጡታላችሁ።